ከሜዳው ዳር ያለችው ልጅ

ስለ ቤዝቦል የተጻፈ የልጆች ልቦለድ ሲያጋጥመኝ ጥሩ መሆኑንና አለመሆኑን የምለይበት አንድ መለኪያ አለኝ። ጨዋታው መቋረጥ አለበት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ወይ ክንዱን ይጎዳል፣ ወይ ይታመማል፣ ወይ የልደት ወረቀት ተጠይቆ ያጣል፣ ወይ ደግሞ ሲጀመርም የሜዳው በር አልተከፈተለትም። ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ ያለ እንቅፋት ሲጫወት ቆይቶ፣ በመጨረሻው ዙር ኳሷን ከአጥር አሻግሮ የሚመታ ልጅ ያለበትን መጽሐፍ ግን፣ ባነበብሁት በሳምንቱ የልጁን ስም እንኳ አላስታውሰውም።

ይህን መለኪያ ያወጣሁት ሥራ ፈትቼ አይደለም። የእኅቴ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ተወልዳ ያደገች። ባለፈው ሚያዝያ በሰፈሯ የልጆች ቤዝቦል ቡድን ውስጥ ገባች። አሠልጣኙ ቀኝ ሜዳ ጥግ ላይ አቆማት። ቀኝ ሜዳ ማለት በዚያ ዕድሜ ኳስ እምብዛም የማይደርስበት፣ ልጆች ቆመው ሣር የሚነጩበት ቦታ ነው። ጥቂት ጨዋታ ቆይቶ ከዚያም አነሣትና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ቤት ስትገባ ምንም አትልም ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ፣ ጓንቷን በሩ ሥር ጥላ፣ ወደ ክፍሏ። እናቷ «ተዪው በቃ፣ ምን ያደርግልሻል» አለቻት። እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ስለሆነ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ወሰድኋት።

እዚያ ያገኘነው መደርደሪያ አስደነገጠኝ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች የተጻፈ፣ ስለ ቤዝቦል ብቻ የሚተርክ ልቦለድ ከጉልበቴ ጀምሮ እስከ ዓይኔ ድረስ ተደርድሯል። እኔ ደግሞ ይህን ጨዋታ ለዓመታት በንቀት ስሸሸው የኖርሁ ሰው ነኝ። በእግር ኳስ ላደገ ዓይን ቤዝቦል ማለት ሰዎች ቆመው የሚያኝኩበት፣ ያኘኩትንም የሚተፉበት፣ በመካከሉም አልፎ አልፎ አንድ ነገር የሚፈጠርበት የሦስት ሰዓት ስብሰባ ነው። እርሷ ሁለት መጽሐፍ ይዛ ወጣች፤ እኔ ስድስት። ከዚያ ወዲያ እየተለዋወጥን እናነብ ጀመር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳነብ የገባኝ የመጀመሪያው ነገር፣ ያ የናቅሁት ዝግታ ለልቦለድ የተመቸ መሆኑ ነው። በእግር ኳስ ሃያ ሁለት ሰው አብሮ ይሮጣል፤ የአንዱ ጥፋት በሌላው ሩጫ ይሸፈናል። በቤዝቦል ግን አንድ ወርዋሪና አንድ ዱላ የያዘ መቺ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ሌላው ሁሉ ያያል። በአንዱ ውርወራና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ፣ ልጁ አባቱን የሚያስብበት፣ ፍርሃቱ ከሆዱ ወደ ጉሮሮው የሚወጣበት ጊዜ ነው። ደራሲው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ሁለተኛው ውድቀት ነው። በዚህ ጨዋታ ከአሥር ሙከራ ሦስቱ የተሳካለት መቺ ጎበዝ ይባላል። የቦስተኑ ቴድ ዊልያምስ በ1941 ያስመዘገበውና እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሣው ውጤት ከሺህ 406 ነው፤ ከአሥሩ ስድስት ያህሉ አልሆነለትም ማለት ነው። በትልልቆቹ ሜዳዎች ሰሌዳ ላይ ደግሞ ከነጥቡና ከተሳካው ምት ቀጥሎ ሦስተኛ ዓምድ አለ፤ «ስህተት» ይላል። ስንት ስህተት እንደ ሠራህ፣ ለመጣው ሕዝብ ሁሉ በቁጥር ይታያል። ስህተትን እንዲህ ቆጥሮ የሚሰቅል ሌላ ጨዋታ እኔ አላየሁም። የአሥር ዓመት ልጅ፣ የክፍል ጓደኞቿ ፊት አንድ ቃል ብትሳሳት ሌሊቱን የማትተኛ ልጅ፣ ይህ ሰሌዳ የሚነግራት ነገር አለ።

ግን ደራሲዎቹ ሁሉ ይህን አይጠቀሙበትም። የመደርደሪያውን ሰፊ ቦታ የያዘው ማት ክሪስቶፈር ነው። የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፉ፣ የአንድ ዕድለኛ ዱላ ታሪክ፣ በ1954 ወጣ፤ በ1997 እስኪሞት ድረስ ከመቶ በላይ ጽፏል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ችግሩ ግልጽ፣ መፍትሔው ቅርብ ነው። ማንበብ የሚጠላ ልጅ እጅ ውስጥ መጽሐፍ ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለምና ሰውየውን አልንቀውም። የእኅቴ ልጅ አንዱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሳ መለሰችልኝ። እንዴት ነው ብላት፣ «እንደሚያሸንፉ እኮ ሽፋኑ ላይ ያስታውቃል» አለች። ስለ ክሪስቶፈር የምጨምረው የለኝም።

ከእርሱ የሚቀድመው ጆን ቱኒስ ግን ሌላ ሰው ነው። በ1940 የታተመው «የቶምኪንስቪል ልጅ» የሚለው ልቦለዱ ሮይ ታከር የተባለ የገጠር ወጣት ወርዋሪ ሆኖ ለብሩክሊን ዶጀርስ ሲጫወት ያሳየናል። ልጁ አሸናፊ ነው፤ ስሙ በጋዜጣ ይወጣል። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ወጣቶች እየተጋፉ ሲቀልዱ፣ ተንሸራቶ ይወድቅና ክርኑን ይመታል። በቃ። ጠላት የለም፣ ክፉ ሰው የለም፣ ቅጣት የሚገባው በደል የለም፤ እርጥብ ወለል ብቻ። ወርዋሪነቱ ያከትምና እንደ ጀማሪ መቺነትን መማር ይጀምራል። መጽሐፉ ሲያልቅም ቡድኑ ያሸንፋል፤ ልጁ ግን የመጨረሻዋን ኳስ ለመቅለብ ሲሮጥ ከግንቡ ጋር ተላትሞ በቃሬዛ ይወጣል። ፊሊፕ ሮዝ በ1997 ባሳተመው «አሜሪካን ፓስቶራል» ልቦለዱ ውስጥ ተራኪው ይህንኑ የልጆች መጽሐፍ ያነሣዋል። አልገረመኝም። በልጅነቱ ያንን ቃሬዛ ያየ አንባቢ ኋላም አይረሳውም።

ቱኒስ በ1943 ደግሞ በገዛ ጓዶቹ የሚዋረድ አይሁዳዊ ተጫዋች ያለበትን «ኪስቶን ኪድስ» አሳተመ። ዓለም እየተዋጋ ነው፤ አሜሪካ ራሷም በትልልቆቹ ሊጎች አንድም ጥቁር ተጫዋች አታሰልፍም ነበር። መጽሐፉ እንደ ልቦለድ አልፎ አልፎ ንግግር ያበዛል፤ ስብከቱ ይሰማል። ቢሆንም በዚያ ዓመት ለልጆች ያንን መጻፍ ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ ስለዚህ ስብከቱን ይቅር እለዋለሁ።

ጥቁሩ ተጫዋች የመጣው በኤፕሪል 15 ቀን 1947 ነው፤ ጃኪ ሮቢንሰን፣ ለብሩክሊን። በዚያው ዓመት ከቻይና መጥታ ብሩክሊን የምትገባውን ልጅ ታሪክ ቤቲ ባኦ ሎርድ በ1984 ጻፈችው፤ «የከርከሮው ዓመትና ጃኪ ሮቢንሰን» ይሰኛል። ደራሲዋ ራሷ ሻንጋይ ተወልዳ በ1946 በልጅነቷ ብሩክሊን የገባች ናት። ገጸ ባሕርይዋ ሸርሊ ቴምፕል ዎንግ ትባላለች፤ ስሙን ከፊልም ተዋናይቷ ራሷ መርጣ ያወጣችው ነው። እንግሊዝኛ አታውቅም። ትምህርት ቤቱ በየማለዳው የሚያስደግመውን የታማኝነት ቃል ጆሮዋ እንደሰማው እያጣመመች ትደግማለች፤ አገሩን ሳታውቅ ለአገሩ ትምላለች። ሰፈር ውስጥ ልጆች ሲጫወቱ ስትሮጥ አረማመዷን አይተው «ጃኪ ሮቢንሰን!» እያሉ ይጮኹላታል። ማን እንደሆነ አታውቅም። ግን ስሙ የእርሷ ሆኖ ተሰምቷታልና ሰውየውን ፍለጋ ትሄዳለች፤ ሬዲዮ ሥር ተቀምጣ።

ይህን ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። እኔም እዚህ አገር የገባሁ ሰሞን ሰዎች ሲስቁ አብሬ ስቄ፣ ምን እንዳሳቀን ቤቴ ገብቼ የጠየቅሁበት ጊዜ ነበር። ሸርሊ ለአገሩ ልጅ የሆነችው በትምህርት ቤቱ የማለዳ መሐላ አይመስለኝም፤ በዚያው ዓመት መከር ላይ ብሩክሊን በሰባተኛው ጨዋታ በያንኪስ ሲሸነፍ ከሰፈሩ ጋር አብራ ስላዘነች ነው። መጨረሻው ላይ ጃኪ ሮቢንሰን ትምህርት ቤቷ መጥቶ የክብር ቁልፍ የምትሰጠው እርሷ ትሆናለች። ደስ ይላል፤ ለእኔ ግን ስኳሩ ትንሽ በዛ። ሽንፈቱ ላይ ቢያቆም እመርጥ ነበር።

ብሩክሊን በያንኪስ የተሸነፈው ያን ጊዜ ብቻ አልነበረም። በ1941፣ በ1947፣ በ1949፣ በ1952፣ በ1953፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለዋናው ዋንጫ ደርሶ ለዚያው ለአንድ ቡድን ሰጠ። ደጋፊዎቹ በየዓመቱ «ለከርሞ ጠብቁን» ይሉ ነበር፤ መፈክራቸው ሆኖ ቀረ። በክረምት ውስጥ ተቀምጦ «ለከርሞ» ማለትን ለእኛ ሰው ማስተርጎም አያሻም። ከርሞውም በ1955 ደረሰ፤ አሸነፉ። ሁለት ዓመት አልፎ፣ በ1957 ውድድር ማብቂያ፣ ቡድኑ ጓዙን ጠቅልሎ ሎስ አንጀለስ ገባ። አሁን እዚያ ነው። ይህን ለእኅቴ ልጅ ስነግራት «ሰዎቹስ?» አለችኝ። የቱን ሰዎች እንደምትል ገባኝ፤ በየዓመቱ ለከርሞ ሲሉ የነበሩትን።

ማይክ ሉፒካ በ2006 ያሳተመው «ሂት» ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ቤተሰባዊ ሆኖ የተሰማኝ መጽሐፍ ነው፤ በጥበቡ ምርጥ ባይሆንም። ማይክል አሮዮ ከኩባ የመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ብሮንክስ ውስጥ ከያንኪስ ስታዲየም አጠገብ ይኖራል። ውርወራው ከዕድሜው በላይ ፈጣን ነው። ስለዚህም የተቃራኒ ቡድን ሰዎች «ይህ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ አይደለም፤ የልደት ወረቀቱን ያምጣ» ይላሉ። ወረቀቱ የለም። አባቱም የለም፤ ሞቷል፤ መሞቱን ደግሞ ታላቅ ወንድሙና እርሱ ደብቀውታል፤ መንግሥት እንዳይለያያቸው። ስለዚህ ልጁ ዕድሜውን ለማስረዳት የሚጠራው ምስክር ሁሉ ምስጢሩን የሚያወጣ ነው። በጋው እያለፈ እርሱ አጥር ይዞ ይመለከታል።

ወረቀቱ ላይ ሳለሁ የራሴ ሰዎች ትዝ አሉኝ። በስደተኛ መጠለያ ካለፉት ወገኖቼ ስንቱ ነው ልደቱ በመታወቂያው ላይ ጃንዋሪ 1 የሆነ! እናት «የመስቀል ማግሥት ነው፣ ዝናብ አልጨረሰም ነበር» ብላ የምታስታውሰውን ቀን ጸሐፊው በመስኮት ሆኖ ወደ ፈረንጅ ቁጥር ሲገለብጠው አንድ ዓመት የሚጎድልበት፣ አንድ ዓመት የሚጨመርበት ስንቱ ነው። በኢትዮጵያ የልደት አገር አቀፍ ምዝገባ ራሱ የተጀመረው በ2016 ነው። ይህ የእኛ ችግር ብቻም አይደለም። በ2011 የኡጋንዳ ልጆች ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአፍሪካ ክፍል አንደኛ ወጥተው ፔንሲልቬንያ፣ ዊልያምስፖርት በሚደረገው የዓለም የልጆች ቤዝቦል ውድድር ሊሳተፉ ሲሉ፣ የዕድሜያቸው ሰነድ አልተጣጣመም ተብሎ ቪዛ ተከለከሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ የኡጋንዳ ቡድን ከሉጋዚ ተነሥቶ ዊልያምስፖርት ደረሰ፤ ከአፍሪካ አህጉር የመጀመሪያው ነበር። የ2011ዶቹ ልጆች ግን ለከርሞ አልደረሱም፤ ዕድሜያቸው አልፎ ነበርና። በወረቀት ላይ ያለው ዕድሜ ሳይሆን እውነተኛው።

ሉፒካን የማማው እዚህ ላይ ነው። ጠያቂዎቹን ክፉ አድርጎ ይሥላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ጥያቄው ከሜዳ የተፈጠረ ነበር፤ በ2001 ከብሮንክስ የመጣ አንድ ቡድን፣ ድንቅ ወርዋሪው አሥራ አራት ዓመቱ ሆኖ በመገኘቱ ድሎቹ ተሰርዘውበታል። ያንን ልጅ ሜዳ ያስገቡት አዋቂዎች ናቸው፤ ስሙ ሲነሣ የሚኖረው ግን ልጁ ነው። ከዚህ ልቦለድ የሚወጣ ይመስለኛል። ሉፒካ የመረጠው ዕድሜው እውነት የሆነውን ልጅ ነው፤ ቀላሉን መንገድ። የሚወዳት ልጅም የታዋቂው ወርዋሪ ልጅ ሆና ትገኝና ነገሩ በደህና ያልቃል። ግን ያ የበጋ ወር፣ ልጁ አጥሩን ይዞ የሚያይበት፣ አለቀ ብዬ መጽሐፉን ከከደንሁ በኋላ አብሮኝ ቆየ።

ሌላው ቨርጂኒያ ዩወር ዎልፍ በ1998 ያወጣችው «ባት 6» ነው። ጊዜው 1949፣ ቦታው ኦሪገን፤ የሁለት ትናንሽ ከተማ የስድስተኛ ክፍል ሴት ልጆች በየዓመቱ የሚገጥሙበት ጨዋታ ሃምሳኛ ዓመቱን ይዟል። (ኳሷ ትላልቋ ናት፤ ሶፍትቦል። ለዚህ መደርደሪያ ዘመድ ናት።) ከአንዱ ቡድን አኪ የምትባል ልጅ አለች፤ ቤተሰቧ በጦርነቱ ጊዜ ጃፓናውያን በመሆናቸው ብቻ ከታጎሩት ወደ 120,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል የነበረ። ከሌላው ቡድን አባቷ ፐርል ሃርበር ላይ የሞተባት ልጅ አለች። ሁለቱ አንደኛው ቤዝ ላይ ይገናኛሉ። የአባቷ ኀዘን ያለባት ልጅ ሆን ብላ አኪን ትመታታለች፤ አኪ ክፉኛ ትጎዳለች፤ ጨዋታው ይቆማል። ማን አሸነፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚተርኩት ሃያ አንዱም ልጆች ናቸው፤ በየተራ፣ እየተቋረጡ፣ «እኔ እኮ አስቀድሜ አይቼ ነበር» እያሉ። ተራኪዎቹ ስለሚበዙ ማን ማን እንደሆነች እየጠፋብኝ ወደ ኋላ ስመለስ ነበር፤ የእኅቴ ልጅም ግማሽ ላይ ተወችው። እኔ ግን አይተው ዝም ስላሉት ልጆች ሲሆን ከዚህ የበለጠ የልጆች መጽሐፍ አላነበብሁም።

ወደ ዋናው ልምጣ። ሊንዳ ሱ ፓርክ በ2008 «ውጤት መመዝገብ» የሚል መጽሐፍ አወጣች። በዚህ መጽሐፍ ዋናዋ ልጅ ጨርሶ አትጫወትም። ማጊ የምትባል የብሩክሊን ልጅ ናት፤ ጊዜው 1951 ነው። ጨዋታውን የምትከታተለው እሳት አደጋ ጣቢያው ደጃፍ፣ በሬዲዮ ነው። ጂም የሚባል አዲስ እሳት አጥፊ ይመጣል፤ የሚደግፈው ጃይንትስን ነው፤ የብሩክሊን ባላንጣ። ይህ ሰው ውጤት አመዘጋገብ ያስተምራታል።

ስለዚህ አመዘጋገብ ትንሽ ልበል፤ ለሥነ ጽሑፍ ሰው የሚገርም ነገር ነውና። እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥር አለው፤ ወርዋሪው 1፣ ቀላቢው 2፣ እንዲያ እያለ ቀኝ ሜዳ እስከሚቆመው 9 ድረስ። በወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ መቺ፣ ለእያንዳንዱ ዙር አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። 6-4-3 ብለህ ከጻፍህ፣ ኳሷ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ሄዳ ሁለት ሰው እንዳስወጣች ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያነብህ ሰው ያያታል። ሦስት ጊዜ ዱላ ሰንዝሮ የሳተ መቺ «ኬ» የምትባለው የላቲን ፊደል ትጻፍበታለች። ሦስተኛዋን ኳስ ግን ዱላውን ሳያነሣ ቆሞ ያሳለፈ እንደሆነ ፊደሏ ፊቷን ታዞራለች፤ ተገልብጣ ትጻፋለች። ሞክሮ የሳተና ሳይሞክር የቀረ በአንድ ፊደል አይጻፉም። ይህን ሥርዓት በአብዛኛው ያቆመው ሄንሪ ቻድዊክ የተባለ፣ እንግሊዝ ተወልዶ ኒው ዮርክ ያደገ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጋዜጠኛ ነው። የእኅቴ ልጅ ይህን ምዕራፍ ስታነብ ከክፍሏ ወጥታ እርሳስ ፈለገች።

ጂም ይዘምታል፤ ኮሪያ። ማጊ ትጽፍለታለች፤ ይጽፍላታል። ከዚያ ደብዳቤው ይቆማል። የሚነግራት የለም። ስለ ጦርነቱ መጠየቅ፣ ማንበብ ትጀምራለች፤ ትጸልያለች፤ መዝገቧን ጠንቅቃ ከያዘች አንድ ነገር የሚስተካከል ይመስላታል። ኋላ ጂም ይመለሳል፤ ግን የሄደው ሰው አይደለም፤ አይናገርም። እዚህ ላይ ሌላ ደራሲ ቢሆን ማጊን ወረቀቷን አስይዞ ይልካትና ሰውየው ወረቀቱን አይቶ ፈገግ ይል ነበር። ፓርክ እንዲህ በቀላሉ አታደርገውም። የልጅቷ ፍቅር እውነተኛ ነው፤ ሕመሙም እውነተኛ ነው፤ አንዱ ሌላውን ስላላሸነፈ አንዱም አይዋሽም። ይኸው ነው የምፈልገው።

ጂም የዘመተበት ጦርነት የቃኘው ሻለቃ ጦርነት ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ ፑሳን የደረሰው በዚያው በ1951፣ በሜይ ወር ነው፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። 121 ሰው ወደቀ፤ የተማረከ አልነበረም። ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ በኩራት ነገርኋት፤ እኔ በልጅነቴ እንደተነገረኝ አድርጌ፤ ያልተማረከውን፣ ያላፈገፈገውን። ሰማችኝና «ለእነርሱስ ደብዳቤ ማን ይጽፍላቸው ነበር?» አለች። የምመልስላት አልነበረኝም። ስለ ቃኘው የሰማሁት ሁሉ ስለ ዘማቾቹ ነው፤ ዳር ሆና ስለምትጠብቀዋ ልጅ ማንም አልነገረኝም።

አንድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጄ እነዚህን መጻሕፍት ጠረጴዛዬ ላይ አይቶ «ማስቲካ ነው፤ ለልጅቷ እውነተኛ መጽሐፍ ስጣት» ብሎኛል። ግማሽ መደርደሪያውን በሚመለከት አልከራከረውም። ነገር ግን እውነተኛ የሚለውን መጽሐፍ ጠይቄው የቆጠረልኝ ሁሉ፣ ወይ ትንንሽ ልጆች የሚተኙበት ተረት ነው፣ ወይ እርሱ ራሱ በሃያ ዓመቱ ያነበበው ትልቅ ልቦለድ። በመካከሉ ያለችው የአሥር ዓመት ልጅ የለችም። ተረታችንን እወዳለሁ፤ ዝንጀሮውም ጅቡም ባለ ውለታዎቼ ናቸው። ግን ተረት መጨረሻው ላይ ትምህርቱን አውጥቶ ይሰጣል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ደግሞ ሊመክራት የተዘጋጀን ሰው ከሩቅ ታውቃለች። እኔ በአማርኛ ማንበብ የምመኘው፣ በጨርቅ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ጎል እንዲሆን የተቆለለውን የጓደኞቹን ሹራብ እንዲጠብቅ ስለተደረገው ልጅ ነው። ያ ልጅ ሙሉውን ጨዋታ አይቷል። ከማንም ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። ወዳጄ «ጻፈዋ!» አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ሜዳው ሄድን። የእኅቴ ልጅ አሁንም አግዳሚው ላይ ናት፤ ግን ጉልበቷ ላይ መዝገብ አለ። አሠልጣኙ አልጠየቃትም፤ ራሷ ጀመረችው። አንዱ ጓደኛዋ ቀላል ኳስ አምልጦት ሲያለቅስ «እርሱን እንኳ እለፊው፤ አትጻፊበት» አልኋት በጆሮዋ። ቀና ብላ አየችኝ፤ «አጎቴ፣ ሆኗል እኮ» ብላ የስህተቱን ምልክት ጻፈች። ቀጥሎ ያው ልጅ ቤዝ ሲሰርቅ ያንንም ጻፈች፤ በተመሳሳይ እርሳስ፣ በተመሳሳይ መጠን።

በአምስተኛው ዙር ውኃ ልትጠጣ ስትሄድ መዝገቡን ሰጠችኝ፤ «አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እይልኝ» ብላ። ስልኬ ጮኸ። ከአዲስ አበባ ነበር። ቀና ስል መቺው ሜዳው ላይ የለም፤ ወጥቶ ይሁን ደርሶ አላየሁም። ተመልሳ ሳጥኗን ባዶ አገኘቻት።

ፊል ሪዙቶ የሚባል ሰው ነበር፤ ብሩክሊንን ደጋግመው ካሸነፉት የያንኪስ ተጫዋቾች አንዱ፤ ኋላ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ተራኪ ሆነ። በመዝገቡ ላይ እርሱ ብቻ የሚጠቀምባት ምልክት ነበረችው፤ ሳላይ አመለጠኝ ማለት ነው። ይህን ነገርኋት፤ ይቅርታ መጠየቂያ እንዲሆነኝ። አሰበችና እርሳሷን ተቀበለችኝ። ቤተ ክርስቲያን በእሑድ ትምህርት በተማረችው ፊደል፣ ጠባቧ ሳጥን ውስጥ እያጣበቀች፣ «አላየም» ብላ ጻፈችብኝ፤ ቀጣዩ መቺ ዱላውን ይዞ እየመጣ ነበርና ወደ ሚቀጥለው መስመር ወረደች።